ጎመን በጤና፤ የጓሮ አትክልት በክፉ ቀን

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ከታሪክ ክበብ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ ስለ ምን እንጻፍ የሚለው ጉዳይ ሁለት ሳምንት ያህል አከራከረን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ዓድዋ ድል፥ አንዳንዶቹ ስለ አክሱም ሐውልት ይጻፍ አሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ዓድዋ ከእኛ እጅግ የበለጡ ሊቃውንት ስለ ጻፉ እኛ የምንጨምርበት ነገር አልታየንም። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛችን፥ በዓይናችን ያየነው፥ ነገ ሌሎች ታሪክ ብለው የሚጠሩት ነገር በእጃችን ሳለ ለምን ሩቅ እንሄዳለን ብሎ 2012 ዓ. ም.ን ባነሣ ጊዜ ክርክሩ ቆመ። ያን ጊዜ እኛ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ሕፃናት ነበርን። የኮሮና ወረርሽኝ ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት የሰፈራችን ሰው ጓሮውን እየቆፈረ አትክልት ሲተክል አይተናል፤ ውሃም አቀብለናል።

የታሪክ ጽሑፍ ግን በዓይን በታየው ብቻ ሊቆም አይገባውም። መጻሕፍትን ባገላበጥንና ሽማግሌዎችን በጠየቅን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠልን፤ ይኸውም በአገራችን እርሻ ወይም ገበያ በተሰናከለ ቍጥር ሰው ወደ ቤቱ ጀርባ መመለሱ የ2012 ዓ. ም. ፈጠራ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ነገራችንን ትንሽ ከሩቅ እንጀምራለን፤ አንባቢም ይታገሠን።

ሽማግሌዎች «ክፉ ቀን» እያሉ የሚጠሩት ዘመን ከ1881 እስከ 1884 ዓ. ም. ድረስ ያለው ነው። መነሻው የከብት በሽታ ነበር። ይኸው በሽታ በ1880 ዓ. ም. ገደማ ጣልያኖች በምጽዋ ወደብ ባስገቧቸው ከብቶች አማካይነት ገብቶ ወደ ደቡብ እየወረደ፥ ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። በዚያው ላይ ድርቅ፥ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። በሬ ከሌለ ሞፈርና ቀንበር ምን ይሠራሉ? የደጋው ገበሬ ማረሻ ያለ ጥማድ በሬ የማይንቀሳቀስ በመሆኑ፥ ሰፊ ማሳ የነበረው ሰው ሁሉ ማሳው በፊቱ ተዘርግቶ እያየው ተራበ። በዶማ ቆፍሮ መዝራትን ደግሞ ብዙው ሰው እንደ ውርደት ይቈጥረው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ይህን ንቀት ለመስበር ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው፥ መኳንንቱም ምሳሌያቸውን እንዲከተሉ ማድረጋቸው በታሪክ ተጽፎ ይገኛል።

እኛን ይህን ስናነብ ያስገረመን የንጉሡ ትሕትና ብቻ አይደለም። በዶማ ጋሻ መሬት አይቆፈርም። የሰው ክንድ ሊዘልቀው የሚችለው ከቤት አጠገብ ያለችውን፥ አመድና ፍግ ሲደፋባት የኖረችውን፥ ሴቶች ጎመንና ጤና አዳም የሚያበቅሉባትን ቁራጭ ቦታ ነው። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ ለመኳንንቱ ያሳዩት ሥራ የአገሪቱ እናቶች ከጥንት ጀምሮ ማንም ሳያመሰግናቸው ሲሠሩት የኖሩት ነው ብንል ስሕተት አይመስለንም። ነገር ግን እውነቱን አንሸሽግም፤ በዶማ የተቆፈረ መሬት ያን ሁሉ ሕዝብ አላዳነም። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። የዳነው የዳነው በቅጠላ ቅጠልና በሥራሥር ጊዜውን ገፍቶ ነው።

ሁለተኛው መከራ የመጣው ከ30 ዓመት በኋላ በኅዳር 1911 ዓ. ም. ነው። በአውሮፓ የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ የተባለው ወረርሽኝ ወደ አዲስ አበባ ደርሶ ሕዝቡ በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» አለው። በከተማይቱ ሕክምና የተማሩ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም በብርቱ ታመው ድነዋል፤ በኋላም በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው መሞቱን ገልጠዋል። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠለው፥ እኛም «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ዓይናችን እስኪያነባ ጭስ የምንታጠነው፥ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። ብዙዎቻችን ግን ይህን ጽሑፍ እስክንጀምር ድረስ ጭሱን እንጂ ምክንያቱን አናውቅም ነበር።

የኅዳር በሽታ ክፋቱ የቤቱን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣሉ ነበር። እህል በጎተራ እያለ የሚፈጨው፥ ውሃ በምንጭ እያለ የሚቀዳው ጠፋ። ከበሽታው ይልቅ አስታማሚ በማጣት የሞተው ቀላል አልነበረም። የአንዲት ጓደኛችን አያት ከእናታቸው የሰሙትን ነግረውናል። እናታቸው ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ቤተ ሰቡ በሙሉ ተኝቶ ሳለ ጎረቤታቸው ወደ ቤት ለመግባት እየፈሩ፥ በየማታው የተቀቀለ ጎመንና አንድ ቅል ውሃ በአጥሩ ሥር ያኖሩላቸው ነበር። ጎመኑ ከዚያው ከአጥሩ ማዶ ካለው ጓሮ የተቀጠፈ ነው። መፈጨት የለበትም፥ ገበያም አያስወጣም፤ ቀቅሎ ማቅረብ ብቻ ነው። የጓሮ አትክልት በወረርሽኝ ጊዜ ያለውን ጥቅም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላገኘንም።

ስለ ጎመን ካነሣን አይቀር፥ ይህ የአበሻ ጎመን የምንለው ተክል ትውልዱ ከዚሁ ከኢትዮጵያ ደጋ መሆኑን የእርሻ ሊቃውንት ይናገራሉ። ቅጠሉ ከሥር ከሥሩ ሲቀጠፍ ከላይ እያቈጠቈጠ ለወራት ያበላል። የደቡቡ ሕዝብ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ መድኅን በቤቱ ዙሪያ ተክሏል፤ እርሱም እንሰት ነው። የጉራጌ፥ የሲዳማና የጌዴኦ እናቶች በከብት ፍግ የሚያሳድጉት እንሰት ለመድረስ ጥቂት ዓመታት ይፈልጋል፤ አንዴ ከደረሰ በኋላ ግን ባስፈለገ ቀን ተቈርጦ፥ ተፍቆና በጉድጓድ ተቀብሮ ቆጮ ይሆናል። በ1977 ዓ. ም. ሰሜኑ በረኃብ ሲጠቃ የእንሰት አገር እንደዚያ ያልተጎዳው በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። ይህ ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እንተወዋለን።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ታሪኩ ይመሳሰላል። የኅዳር በሽታ ዓለምን ባዳረሰበት በዚያው ዘመን በአሜሪካ በጦርነቱ ምክንያት ቤተ ሰቦች፥ ተማሪዎች ሳይቀሩ፥ በባዶ ቦታ ሁሉ አትክልት እንዲተክሉ ይቀሰቀሱ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1943፥ በአሜሪካ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን የጓሮ አትክልት ቦታ ተተክሎ የሕዝቡን የአትክልት ፍጆታ 40 ከመቶ ያህል እንደ ሸፈነ ይነገራል። በ2020ም ኮሮና ሲገባ በዚያ አገር የአትክልት ዘር የሚሸጡ መደብሮች የሚሸጡት እስኪያጡ ድረስ ተወረሩ። ሰው ሲፈራ የሚያደርገው ነገር በየትም አገር አንድ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን፥ መጋቢት 7፥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኛ ልጆች መጀመሪያ ደስ አለን፤ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፥ ግን እውነት ነው። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሌሎች አገሮች እንደ ተደረገው ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ በፍጹም አልተከለከለም፤ ነገር ግን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፥ ታክሲ ግማሽ ሰው ብቻ እየጫነ ሂሳቡ እጥፍ ሆነ፥ የቀን ሥራ ጠፋ። ወላጆቻችን ከሥራ ቀርተው በዋሉበት ቤት ድምፅ የሚሰማው ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ብቻ ነበር።

ጊዜው ሁዳዴ ጾም ነበር። ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን ነው። እንግዲህ ለጿሚው ቤት አትክልት ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ወቅት፥ የነጭ ሽንኩርት፥ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ፥ መድኃኒት ነው ተብሎ ስለ ተወራ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰማይ ወጣ። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራም ሰው የሚጨናነቅበት ስለሆነ ወረርሽኙ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ታቦት የሚያድርበትና ፈረስ የሚጋለብበት ሜዳ የቲማቲምና የጎመን ገበያ ሆነ። ክረምቱ ሲገባ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር። እናቶቻችን እዚያ ደርሰው ለመመለስ ድካሙን ብቻ ሳይሆን በሽታውን ይዘው እንዳይመጡ ይፈሩ ነበር።

ከዚህ ይልቅ ልባችንን የነካው ሌላ ነገር ነው። በ2012 ዓ. ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወደ 300,000 ለሚሆኑ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ መስጠት ተጀምሮ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተዘጋው ክፍሉ ብቻ አልነበረም፤ ወጥ ቤቱም ጭምር ነው። ከእኛ መካከል አሁን ይህን ጽሑፍ ከጻፉት ውስጥ ሁለቱ የዚያ ገበታ ተቋዳሾች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከቤት ወጥተው ይሄዱ እንደ ነበረ፥ ይህንም ያደርጉ የነበረው ታናናሾቻቸው የሚበሉትን ላለመሻማት እንደ ሆነ የነገሩን በዚህ ዓመት ነው።

በሰፈራችን ቁፋሮውን የጀመሩት አንዲት አሮጊት ናቸው። ሁላችንም እማማ እያልን እንጠራቸዋለን። እሳቸው ከድሮም ከቤታቸው ጀርባ ጎመን፥ ቃሪያ፥ ጤና አዳምና ዳማከሴ የማይጠፋባቸው ናቸው። በመጋቢት መጨረሻ የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል፥ ሰው ወደ ሰው መግባት በተፈራበት ጊዜ፥ የጎመን ዘር በክብሪት ቀፎ እየከተቱ በአጥር ላይ ለጎረቤት ማቀበል ጀመሩ። ያንን የክብሪት ቀፎ የምናመላልሰው እኛ ነበርን። ዘሩ ከደቃቅነቱ የተነሣ ከአንዱ ጓደኛችን እጅ ተበትኖ በመንገድ ዳር በቅሎ ተገኝቷል፤ እርሱንም ፍየል በላው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ እሳት ተያያዘ። በሰፈሩ ጡረታ የወጡ አንድ የእርሻ ባለሙያ ስለነበሩ መደብ እንዴት እንደሚሠራ፥ ችግኝ መቼ እንደሚዛወር ከደጃቸው ቆመው በጩኸት ያስተምሩ ነበር። በርቀት ትምህርት ይሏል ይህ ነው። ቦታ ያለው ድንችና ቆስጣ፥ የሌለው በጆንያና በአሮጌ ጄሪካን ሽንኩርት ተከለ። የሃይላንድ ጠርሙስ በወገቡ ተቈርጦ የሰላጣ ማሳደጊያ ሆነ። ውሃ በፈረቃ በመሆኑ ገላ የታጠብንበትና እህል የታጠበበት ውሃ ሁሉ እየተጠራቀመ ወደ ጓሮ ሄደ። ቅጠሉን የሚመጥ ተባይ በመጣ ጊዜ አመድ ተበተነበት።

ሁሉም ነገር ያማረ ነበር ብለን አንጽፍም። ቲማቲም የተከሉ ሰዎች ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ቅጠሉ ጠቁሮ ፍሬው በሰበሰ፤ አንድ ሳህን እንኳ አልለቀሙም። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥራቸው መካከል ባለች አንድ ክንድ በማትሞላ መሬት ተጣልተው እስከ መስከረም ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። ከጓሮ ጎመን የተሰረቀበትም ነበረ። እማማ ግን የሰረቀው የራበው ነው ብለው በአጥራቸው በኩል ያለውን አንድ መደብ ለመንገደኛ ለቀቁ። ይህን ያደረጉት በደግነት ብቻ ሳይሆን በብልሃትም ይመስለናል፤ ከዚያ ወዲህ የቀረውን የነካ የለምና።

ጎመኑ ለመቀጠፍ የደረሰው በግንቦት ነው። ያን ጊዜ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የረመዳን ጾም ላይ ነበሩ። ለማፍጠሪያ የሚሆን ቃሪያና ሰላጣ ከክርስቲያኑ ጓሮ ሄደ፤ ግንቦት 16 ቀን ዒድ ሲሆን ደግሞ ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም። የእድሩ እናቶች ቀብርና ለቅሶ በጥቂት ሰው እንዲሆን ስለ ታዘዘ የመሰብሰቢያ ቀናቸው ቀርቶባቸው ነበርና፥ በዚያ ቀን ከየጓሮው የተቀጠፈውን እያሰሩ፥ የቀን ሥራ ያጡ ተከራዮች በሚኖሩባቸው ደጆች ማኖር ጀመሩ። ከሁለቱ ጓደኞቻችን የአንዱ ቤት ከነዚህ ደጆች አንዱ ነበር። እርሱ ያን ጎመን ማን እንዳኖረው ለረዥም ጊዜ አያውቅም ነበር፤ እኛ ግን እናውቅ ነበር፥ ተሸካሚዎቹ እኛ ነበርና። አንድም ቀን አልነገርነውም። ለምን እንዳልነገርነው ዛሬም በትክክል ማስረዳት አንችልም።

በዚህ ላይ የማንስማማበት ነገር አለ፤ እርሱንም ሳንጽፍ አናልፍም። ከእኛ አንዳንዶቹ የጓሮ አትክልት ሰፈሩን አዳነ ይላሉ። ሌሎቻችን ግን ይህ የተጋነነ ነው እንላለን። ጎመን እንጀራን አይተካም፤ ጤፍና ዘይት በዚያም ወራት ከገበያ በውድ ዋጋ ይገዛ ነበር። በኮንዶሚኒየም በአራተኛ ፎቅ የሚኖር፥ ወይም በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆኖ የሚያድር ሰው ዶማውን ወዴት ይሰንዝር? ጓሮ ያለው ሰው አስቀድሞም ከሌለው ይሻላል። እንደ ታሪክ ተማሪ የምንለው ይህን ነው፤ በጓሮ የበቀለው አትክልት ብዛቱ ትንሽ ነበር፥ ነገር ግን ሰው ሰውን በሚሸሽበት ጊዜ በአጥር ላይ የሚያቀባብለው ነገር አገኘ። በ1911 ዓ. ም. በአጥሩ ሥር የተቀመጠው የተቀቀለ ጎመንም መጠኑ ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም።

በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ የተከፈቱት በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ. ም. ነው። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፥ በአንድ ዴስክ አንድ ሆነን ተቀመጥን፤ ፈረቃም ተደረገ። ጃን ሜዳም ለጥምቀት ተለቀቀ፥ ገበያው ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። በሰፈራችን ካየናቸው ጓሮዎች ብዙዎቹ አሁን የሉም። አንዳንዶቹ ሲሚንቶ ፈሶባቸው የመኪና ማቆሚያ፥ አንዳንዶቹ የሚከራይ ክፍል ሆነዋል። ኑሮ ተወዶ ኪራዩ ከጎመኑ ስለሚሻል በባለቤቶቹ አንፈርድም። በሌላ በኩል ደግሞ በኅዳር 2015 ዓ. ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት ዕቅድ ከተጀመረ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ግቢ አትክልት መትከል እንደገና ተነሥቷል፤ የዶሮና የከብት እርባታም ተጨምሮበታል።

እማማ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ጉልበታቸው ደክሞ መደቡን የሚቆፍርላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ስለ 2012 ዓ. ም. ብዙም አላጫወቱንም፤ ይልቅስ የያኔው የቲማቲም ጥፋት ከእርሻ ባለሙያው ምክር የመጣ መሆኑን ደጋግመው ነገሩን። ስንወጣም በየዓመቱ እያሳደሱ ካቈዩት የጎመን ዘር ጥቂት ሰጡን፤ አሁንም በክብሪት ቀፎ ነው። ዘሩን ከቤተ ሙከራው ጀርባ በሦስት መደብ ዘርተነዋል። ሁለቱ በቅለዋል። ሦስተኛውን የዘበኛው ዶሮ ጭራዋለች፤ ስለዚህ ጉዳይ ከዘበኛው ጋር በመነጋገር ላይ ነን።